የተሸጎጠ ብረት

«ሽጉጥ» የሚለውን ቃል ቆም ብሎ ላስተዋለው ሰው ትርጉሙ ፊት ለፊት ነው፤ ከ«ሸጎጠ» የመጣ ነው። ወገብ ላይ፣ ብብት ሥር፣ ኮት ውስጥ የተወሸቀ ነገር ማለት ነው። ጠመንጃ ይነገታል፣ ይታያል፤ ሽጉጥ ግን ይሸጎጣል። ቋንቋችን ለዚህ መሣሪያ ስም ሲያወጣ ስለ አፈሙዙ ወይም ስለ ጥይቱ ሳይሆን ስለሚቀመጥበት ቦታ ነው ያሰበው። እኔም ከዚያው ልጀምር፤ የትንሽ ሽጉጥ ጣጣ የሚጀምረው ከተሸጎጠችበት ቦታ ነውና። ላብ እዚያ አለ፣ የጨርቅ ብናኝ እዚያ አለ፣ አቧራም እዚያ አለ። ከሁሉም የከፋው ግን እዚያው ተረስታ መቅረቷ ነው።

የኪስ ሽጉጥ ሁልጊዜ እንዲህ እንክብካቤ ፈላጊ አልነበረችም። በ1865 (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ጆን ዊልክስ ቡዝ አብርሃም ሊንከንን የገደለባት ዴሪንጀር መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ አንድ ጥይት ብቻ የምትተኩስ ነበረች። ከመምቻዋና ከቃታዋ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የላትም ማለት ይቻላል። የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ ደግሞ የሚቀረቀር ነገር አይኖርም።

ነገሩን የለወጠው ጆን ብራውኒንግ ነው፤ የጠመንጃ ሠሪ ልጅ፣ የዩታ ሰው። ቤልጂግ ውስጥ ኤርስታል በሚገኘው የኤፍ ኤን ፋብሪካ የተመረቱት ሽጉጦቹ ዓለምን አዳረሱ። የ1900ው ሞዴል መጣ፤ ቀጥሎ የ1906ቱ መጣ፤ ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ጥይቱ 6.35 ሚሊ ሜትር። ከዚያ የ1910ሩ። ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ ሰኔ 28 ቀን 1914 ሳራዬቮ ላይ አርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድን የገደለው በዚህ በመጨረሻው ሞዴል ነበር።

እነዚህ ሽጉጦች ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ የባሩዱ ግፊት ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቀለሁ ደግሞ የሽጉጧን ላይኛ ብረት ይዞ ይሄዳል። ብረቱ እየተንሸራተተ ቀለሁን አስፈንጥሮ ይጥላል፣ ሞላውን ይጨምቃል። ሞላው መልሶ ሲገፋው ከካዝናው ቀጣዩን ጥይት ይዞ ያጎርሳል። ይህ ሁሉ ዓይን እስኪጨፈን ድረስ እንኳን አይቆይም። ትልቅ ሽጉጥ ላይ ብረቱ ከባድ፣ መንገዱም ረጅም ስለሆነ ትንሽ ቆሻሻ ቢኖርም እንደምንም ይወጣዋል። ትንሿ ላይ ግን ብረቱ ቀላል፣ ሞላው ጠንካራ፣ መንገዱ አጭር ነው። ለስህተት የተተወ ቦታ የለም። የደረቀ ዘይትና የኪስ ብናኝ ተጋግረው የሚፈጥሩት ቀጭን ጭቃ ጉልበቷን ይበላዋል፤ ብረቱ እስከ መጨረሻው አይሄድም፣ ወይም ሄዶ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በቃ፣ ተቀረቀረች።

ስለ ብራውኒንግ ሥራ በብዛት የሚወራው ታሪክ የትልቁ ሽጉጥ፣ የኮልት 1911 ነው። በመጋቢት 1911 የአሜሪካ ጦር ኮልትን ከሳቬጅ ጋር አወዳደረ። ከእያንዳንዱ 6,000 ጥይት ተተኮሰ። ሳቬጁ 37 ጊዜ ተቸገረ፤ ኮልቱ አንድም ጊዜ። ወዳጆቹ እስከ ዛሬ ይህን እንደ ተአምር ይተርኩታል። እኔን የሳበኝ ግን ሲተረክ የሚዘለለው ክፍል ነው፦ በየ100 ጥይቱ ሽጉጡ 5 ደቂቃ እንዲበርድ ይደረግ ነበር፤ በየ1,000ው ደግሞ ተወልውሎ ዘይት ይቀባ ነበር። ዝናው የብረቱ ብቻ ሳይሆን የወልዋዩም ነው።

«እንግዲያው ዘይት ማብዛት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። አይደለም። በዚያ ዘመን ባሩዱን የሚያቀጣጥለው የጥይቱ ቂጥ ውስጥ ያለ ኬሚካል ሲነድ አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተው ነበር፤ ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው። ጨው እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ዝገት ያመጣል። ዘይት ደግሞ ጨውን አያሟሟም፤ ላዩ ላይ ይተኛል እንጂ። ስለዚህ ወታደሩ መጀመሪያ የፈላ ውኃ ያፈስበታል፣ ያደርቀዋል፣ ከዚያ ነው ዘይት የሚቀባው። በ1904 ጀርመን ውስጥ የተሠራው ባሊስቶል የተባለው ዘይት ከውኃ ጋር መዋሃድ መቻሉ የተወደደለት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ዘይት ሲበዛ ወይም ቦታውን ሲስት ምን እንደሚሆን ደግሞ የ1941 ክረምት አሳየ። ሞስኮ አፋፍ የደረሰው የጀርመን ጦር የቀባው ዘይት በብርዱ ወፈረና መሣሪያዎቹን አሰረ። ሰሜን አፍሪካ በረሃ ውስጥ ደግሞ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነበር፤ ዘይት የበዛበት ብረት አሸዋውን እንደ ሙጫ ይይዘዋል። ከዚህ ሁሉ የወጣው ልማድ ቀላል ነው። ብረት ከብረት ጋር የሚፋተግበት ቦታ ላይ፣ ማለትም ላይኛው ብረት የሚንሸራተትበት ሐዲድና የአፈሙዙ ውጪያዊ ገጽ ላይ፣ ስስ ዘይት። መርፌው ያለበት ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፣ ቆሻሻ አጠራቅሞ መርፌውን ያዘገየዋልና። ካዝናው ውስጥና ጥይቱ ላይም አይቀባም፤ ሰርጎ ከገባ ጥይቱን ሊያከሽፈው ይችላል። ጠብታ ይበቃል።

አሁን ወደሚያመው ታሪክ እንምጣ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኤም 16 ጠመንጃ ቬትናም ሲገባ ብዙም መወልወል አያስፈልገውም የሚል ወሬ አብሮት ገባ። መወልወያ ዕቃው ለብዙዎቹ ወታደሮች አልታደለም። የጥይቱ ባሩድ ተለውጦ የበለጠ ጥላሸት የሚተው ሆኗል። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ዝገት የሚከላከል ክሮም አልተቀባም፤ አገሩ ደግሞ ዝናብና ጭቃ ነው። ጠመንጃዎቹ በውጊያ መሃል መቀርቀር ጀመሩ። የተቀረቀረውን ቀለህ ለማስወጣት ሲታገሉ የሞቱ ልጆች ነበሩ። በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ንዑስ ኮሚቴ ጉዳዩን መርምሮ ቸልተኝነቱ ወንጀል ወደመሆን የሚጠጋ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ክሮሙ ተቀባ፣ መወልወያው ታደለ። በ1968 ደግሞ ጦሩ ስለ ጠመንጃው አያያዝ ካርቱን ያለበት መጽሐፍ አሳተመ፤ የሣለው ታዋቂው የኮሚክ ሠዓሊ ዊል አይስነር ነው። ወጣቱ ወታደር ደረቁን መመሪያ እንደማያነብ ገብቷቸዋል።

እኔ ከዚህ ሁሉ የማየው አንድ ነገር ነው። «ይህ ዕቃ እንክብካቤ አያሻውም» የሚለውን ቃል የሚናገረው ቢሮ ያለ ሰው ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን መሣሪያውን የያዘው ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ስለ እሳት ብቻ አልነበረም። አስተማማኝነት ከፋብሪካ ተገዝቶ የሚመጣ ጠባይ አይደለም፤ በየጊዜው የሚታደስ ውል ነው።

ውሉ ደግሞ ከዘይቱ በፊት የሚመጣ አንድ አንቀጽ አለው። ሽጉጥ ሊወለውሉ ሲነሡ ራሳቸውን ወይም አጠገባቸው ያለን ሰው የሚያቆስሉና የሚገድሉ ሰዎች አሉ፤ «ካዝናውን አውጥቼዋለሁ፣ ባዶ ነው» ብለው። ካዝናው ወጣ ማለት ግን የጎረሰው ጥይት ወጣ ማለት አይደለም። ብራውኒንግ ይህን ያውቅ ነበር፤ የ1910ሩ ሽጉጥ ካዝናው ከወጣ እንዳይተኩስ የሚያግድ መቆለፊያ ተደርጎለታል። ዝነኛው 1911 ግን ይህ የለውም፤ ዛሬ በየወገቡ ከተሸጎጡት ብዙዎቹም የላቸውም። ስለዚህ ሥርዓቱ ያው የድሮው ነው፦ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙር፣ ጣትህን ከቃታው አርቅ፣ ካዝናውን አውጣ፣ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳብ፣ ውስጡን በዓይንህ እይ፣ ከዚያ በጣትህ ዳስሰህ አረጋግጥ። የዘይቱ ጠብታ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።