የሳንባ ካንሰር የደረትን ትልልቅ የደም ሥሮች ሲወርር ቀዶ ሕክምና ለማን ይሆናል?

በካርቱም እምብርት የሚገኘው ሱቅ ዐረቢ ከጦርነቱ በፊት ነጋዴና ሸማች የሚጋፋበት ገበያ ነበር። ከገበያው ብዙም ሳይርቁ የአል ሻዕብ ሆስፒታል የደረትና የልብ ሕሙማንን፣ የካርቱም የካንሰር ሆስፒታል ደግሞ የጨረር ሕክምና ፈላጊዎችን ያስተናግዱ ነበር። ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው ጦርነት አካባቢውን የውጊያ ቀጠና ሲያደርገው ሆስፒታሎቹ ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። መዘግየት ብርቱ ዋጋ ከሚያስከፍልባቸው ሕመሞች አንዱ የደረትን ትልልቅ ደም መላሽ ሥሮች የወረረ የሳንባ ካንሰር ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ከጭንቅላት፣ ከአንገትና ከእጆች የሚመለሰው ደም ወደ ልብ የሚገባው በላይኛው ትልቅ ደም መላሽ ሥር ነው። ሥሩ ከቀኝ ሳንባ የላይኛው ክፍል ጋር ስለሚጎራበት፣ እዚያ የበቀለ ዕጢ ሊጫነው ወይም ግድግዳውን ሰርስሮ ሊገባ ይችላል። የደሙ መመለሻ ሲጠብ ፊትና አንገት ያብጣሉ፤ የአንገትና የደረት ሥሮች ይገተራሉ፤ ትንፋሽ ያጥራል። ሕመምተኛው ሲተኛ ወይም ሲያጎነብስ ይብስበታል። ሳልና ክብደት መቀነስ ሲታከሉበት ሕመሙ በሳንባ ነቀርሳ ሊሳሳት ይችላል።

ቀዶ ሕክምናው እንዴት ይከናወናል?

ሐኪሞች ዕጢውን ከተወረረው የሥሩ ክፍል ጋር አንድ ላይ ቆርጠው ያወጣሉ። የተነካው የግድግዳው ጥቂት ክፍል ከሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ወይም ከልብ ሽፋን በተወሰደ ቁራጭ ይጣፋል። ጉዳቱ ሰፊ ከሆነ ሥሩ በሰው ሠራሽ ቱቦ ይተካል። ከዚያ በኋላ ደም እንዳይረጋ የሚከላከል መድኃኒት ያስፈልጋል።

ለማን ይሆናል?

ካንሰሩ ወደ አንጎል፣ ጉበት ወይም አጥንት ከተሠራጨ ቀዶ ሕክምናው አይመከርም። በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች ከተነኩም ጥቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። ስለሆነም ምርመራው ከቀዶው ይቀድማል። ብዙውን ጊዜም ዕጢውን የሚያሟሽሽ መድኃኒት አስቀድሞ ይሰጣል። ሂደቱ ከባድ ሲሆን ለሞት ሊዳርግም ይችላል፤ ሆኖም በጥንቃቄ ከተመረጡ ታካሚዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በሕይወት እንደቆየ ጥናቶች አሳይተዋል። ቀዶው ለማይቻልላቸው ኬሞቴራፒና ጨረር ይሰጣል፤ የጠበበውን ሥር የሚከፍት የብረት መረብ ማስገባትም እብጠቱንና የትንፋሽ ጭንቀቱን ያቃልላል።

የሱዳን ጦር መጋቢት 2017 ዓ.ም. ማዕከላዊ ካርቱምን መልሶ ተቆጣጥሯል። ይህ ቀዶ ሕክምና ግን የደረት ቀዶ ሐኪም፣ የማደንዘዣ ባለሙያ፣ የደም ባንክና የጽኑ ሕሙማን ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲገኙ ይፈልጋል። ፊቱ ያበጠ ሕመምተኛ እነዚህ እስኪሟሉ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም።