ነጯ መርከብ በአቼህ ደጃፍ



ስለ አሜሪካ ጦር ሲወራ ወጣቱ ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ሁሉንም ያወግዛል፣ ሌላው ለሁሉም ያጨበጭባል። ዛሬ ለሁለቱም የማትመች የአንዲት መርከብ ታሪክ እናያለን።

ስሟ መርሲ ነው፤ ምሕረት ማለት ነው። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ስትሠራ ነዳጅ ጫኝ ነበረች። በ1980ዎቹ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወደ ሆስፒታልነት ቀየራት። ርዝመቷ 272 ሜትር፣ አልጋዎቿ 1,000፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሎቿ 12 ናቸው። ኮምፎርት የምትባል እህት መርከብም አለቻት።

ሁለቱም ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ትላልቅ ቀይ መስቀሎች ያሉባቸው ናቸው። ይህ ለጌጥ አይደለም። በ1949 የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የሆስፒታል መርከብ ከሩቅ መታወቅ አለባት። ቀይ ጨረቃም በዚሁ ስምምነት እኩል ተቀባይነት አለው። እንዲህ ያለችውን መርከብ ማጥቃት ክልክል ነው። እሷም በበኩሏ ለውጊያ ሥራ አትውልም፤ ተፋላሚው ወገን ልፈትሽ ካለ ትፈተሻለች፤ ቁስለኛውን የየት አገር ሰው ነህ ሳትል ታክማለች።

በ1990 ዒራቅ ኩወይትን ስትወር ሁለቱም መርከቦች ወደ ባሕረ ሰላጤው ተላኩ። ዋናው ሥራቸው የራሳቸውን ጦር ቁስለኞች ማከም ነውና። በ2003 አሜሪካ ዒራቅን ስትወር ደግሞ ኮምፎርት ወደዚያው ተመለሰች። ያን ጊዜ ከአሜሪካ ወታደሮች ጎን የቆሰሉ የዒራቅ ምርኮኞችና ሲቪሎች ታከሙባት። እስኪ አስቡት፦ ቦንቡም ሐኪሙም የመጡት ከአንድ አገር ነው።

አሁን ወደ አቼህ እንሂድ። የኢንዶኔዥያ ሑጃጆች በመርከብ የሚነሱባት ስለነበረች “የመካ በረንዳ” የምትባል ምድር ናት። ዲሴምበር 26 ቀን 2004 ከባሕር በታች የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ ሱናሚ አስከተለ። በኢንዶኔዥያ ብቻ ከ160,000 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። በባንዳ አቼህ ታላቁ የበይቱረሕማን መስጂድ ሳይፈርስ ቆመ፤ በከተማው ግን ሰፈር ሙሉ ተጠርጎ ሄደ።

መርሲ ጃንዋሪ 5 ቀን 2005 ከሳንዲያጎ ተነስታ አቼህ የደረሰችው በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ነው። በሰላም ጊዜ ጥቂት ሠራተኞች ብቻ ይዛ ስለምትቆም መጀመሪያ ሐኪም ይሰበሰብላታል። ፍጥነቷም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግዙፍ ስለሆነች ወደ ዳርቻው አትጠጋም፤ በሽተኛው የሚመጣላት በሄሊኮፕተርና በጀልባ ነው። እሷ ስትደርስ ከፍርስራሹ ስር ሰው የማውጣቱ ጊዜ አልፏል። ያን ያደረጉት ከሞት የተረፉት ጎረቤቶች ራሳቸው ናቸው።

ቢሆንም ሥራ አልጠፋም። ጭቃ የገባበትን ውኃ ውጠው ሳንባቸው የታመመ ሰዎች ነበሩ። የባሕር ኃይሉ ሐኪሞች ከሲቪል በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው መርከቧ ላይም የብስም ላይ አከሙ። መርሲ ከአቼህ ከወጣች በኋላ ማርች 28 ቀን ኒያስ ደሴት በሌላ መንቀጥቀጥ ስትመታ ከመንገድ ተመልሳ መጣች።

“ይህ ሁሉ ልብ ለመግዛት ነው” የሚል ይኖራል። የአሜሪካ ባለሥልጣናትም በሕዝቡ ዘንድ በጎ ስም ማትረፍ ከዓላማቸው አንዱ መሆኑን አልደበቁም። ነገር ግን ትንፋሽ አጥሮት የነበረ የአቼህ ልጅ ዳግም መተንፈሱ በሐኪሙ ባንዲራ ምክንያት ውሸት አይሆንም። በአቼህ የተደረገው ሕክምናም በዒራቅ የፈሰሰውን ደም አያጥብም። ሁለቱ በየመዝገባቸው ይጻፋሉ፤ ዐድል ማለት አንዱን ገጽ ቀዶ አለመጣል ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ከዚህ ታሪክ የምንይዘው ሌላም ቁም ነገር አለ። 1,000 አልጋ ያላት መርከብ ከወር በኋላ ደረሰች፤ ጎረቤት ግን በዚያው ሰዓት ደረሰ። በየሰፈራችን ደም ማቆም የሚችል፣ የተሰበረ አጥንት ማሰር የሚያውቅ ወጣት ስንት አለን? መልሱን ዛሬውኑ ከጀመዓችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

ወላሁ አዕለም።