ዕድል፥ ፈቃድና ኀላፊነት በመንዝ

በመንዝ ከብቱ ያለቀበት ወይም አዝመራውን ውርጭ የመታበት ገበሬ «ዕድሌ ነው» ይላል። ከዚህ ተነሥተው የአገራችን ሰው ሁሉን ነገር ለዕድል የሚተው፥ በፈቃዱም የማያምን ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን የቀድሞውን ዳኝነት ሳንመረምር ይህን አስተያየት አንቀበለውም።

ገበሬው ዕድልን የሚጠራው በደረሰበት ነገር ላይ ነው እንጂ በሠራው ጥፋት ላይ አይደለም። በዳኛ ፊት ቀርቦ «ዕድሌ አሰረቀኝ» ማለት መከላከያ ሆኖ አያውቅም። በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥትም አስቦ የገደለውን ሳያስብ ከገደለው ለይቶ ይፈርዳል። እንግዲህ የቀድሞው ፍርድ ጉድለት ፈቃድን መካድ ሳይሆን ጥፋቱን ለባለቤቱ ለይቶ አለመስጠት ነበር።

ለዚህ ምስክሩ አፈርሳታ ነው። ሌባው ያልታወቀ እንደ ሆነ የአገሩ ሰው በሜዳ ተሰብስቦ ሲጠየቅ ይውል ነበር፤ የቀረ ይቀጣ ነበር፤ ወንጀለኛው ከጠፋም ዕዳውን ሁሉም ያዋጣ ነበር። ንጹሑ ይከፍል የነበረው ስላጠፋ ሳይሆን ጎረቤት ስለ ሆነ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ቅጣት በአጥፊው ላይ ብቻ እንዲሆን ደነገገ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በአንቀጽ 48፥ በሕመም ምክንያት ሥራውን ሊያውቅ ወይም ራሱን ሊገዛ ያልቻለውን ሰው ከኀላፊነት ነጻ አደረገው። ስለዚህ ዳኛው «ማን አደረገው?» ከማለት አልፎ «መምረጥ ይችል ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ግዴታው ሆነ።

ይሁን እንጂ የጋራ ኀላፊነት ሁሉ ክፉ አይደለም። የመንዝ ሰዎች የጓሳን ሣር «ቄሮ» በሚባለው ሥርዐት ለብዙ ዘመን አብረው ጠብቀዋል፤ ለዓመታት ዘግተው ያቆዩትና ሲደርስ ከፍተው ያጭዱት ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ይህን ሥርዐት ባስቀረው ጊዜ ጠባቂ የሌለው ሣር ተጎዳ።

ከነዚህ ሁለት ነገሮች የምንረዳው ቅጣትና ጥበቃ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ጎረቤት ስለ ሰረቀ እኛን መቅጣት ግፍ ነው፤ ነገር ግን ጎረቤት ወደ ስርቆት ሲሄድ እያየን «ዕድሉ ነው» ብለን ዝም ብንል፥ ሕግ ባይጠይቀንም ከኀላፊነት ነጻ ነን ለማለት አንደፍርም።