አሮጌው ኮምፒዩተር ሲነሣ ምን ይላል? የስሕተት መልእክቶች አጭር ታሪክ



ይህ መጽሔት የማኅበራችንን 10ኛ ዓመት በዓል ምክንያት በማድረግ እንዲታተም በተወሰነ ጊዜ፣ ከዝግጅት ኮሚቴው ለእኛ የደረሰን ሥራ ቀላል መስሎን ነበር። ማኅበሩ በሕግ ከመመዝገቡ አስቀድሞ፣ ገና በእድር መልክ ሳለ፣ አንድ ወንድማችን አርፎ አስከሬኑን ወደ አገር ቤት ለመላክ ገንዘብ ያዋጡትን ሰዎች ስም አሰባስቡ ተባልን። ዛሬ ማኅበር የምንለው ሁሉ የተጀመረው ከዚያ መዋጮ ነው። ከእነዚያ ሰዎች ገሚሶቹ ወደ ሌላ ስቴት ሄደዋል፤ ጥቂቶቹም አርፈዋል። የአንዱ ስም እንኳ ቢቀር ልጆቹ ምን ይሉናል?

ዝርዝሩ ግን በወረቀት አልነበረም። ነፍሳቸውን ይማርና በቀድሞው ጸሐፊያችን ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በተገዛ የቤት ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር።

እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሳንጨርስ አገር ለቀን የወጣን፣ ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ የምንገኝ ታክሲ ነጂዎች ነን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሆነን መኪኖቻችንን ደጅ አቁመን ገባን። የጸሐፊያችን ባለቤት ኮምፒዩተሩን ምድር ቤት ውስጥ በአሮጌ አንሶላ ሸፍነው አቆይተውታል። «ልጆቼ፣ ስንቱ ሰው ጣይው ብሎኛል። እሱ የጻፈው ነገር አለበት ብዬ ነው የተውኩት» አሉን። ቡናው እስኪፈላ ገመዱን ሰክተን ማብሪያውን ተጫንን። ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ቀረ፤ ከሣጥኑ ውስጥ ግን አንድ ረጅምና ሁለት አጫጭር ድምፅ ተሰማ። ከመካከላችን አንዱ «በቃ፣ ሞቷል!» አለ።

አልሞተም ነበር። የሞተ አይናገርም። ያ ኮምፒዩተር በዚያን ቀን የተናገረውን፣ እያንዳንዱም ንግግር ከየት እንደመጣ እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ራሱን የሚመረምር መሣሪያ

ታክሲ ለሚነዳ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ ኦ.ቢ.ዲ. 2 የሚባል ራስን የመመርመሪያ ሥርዓት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆኗል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫው መብራት ሲበራ ጋራዥ ሄደን መሣሪያ ይሰካልናል። ፒ 0301 የሚል ቁጥር ከወጣ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። መብራት በራብኝ ብሎ መኪናውን የሚጥል ነጂ ግን አላየንም።

የቤት ኮምፒዩተር ይህን የጀመረው ከመኪናው ቀድሞ ነው። አይ.ቢ.ኤም. የመጀመሪያውን ፒ.ሲ. ይፋ ያደረገው ኦገስት 12 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ነበር። ዋጋው ከ1,565 ዶላር ይጀምራል። በዚህ ዋጋ የሚገኘው 16 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ ያለው፣ ዲስክ የሚባል ነገር ያልተገጠመለት ሣጥን ነበር። በማዘርቦርዱ ላይ ባዮስ የተባለ 8 ኪሎባይት ፕሮግራም ተቀምጦለታል። ባዮስ የሚለው ስም የመጣው ጋሪ ኪልዳል የተባለው አሜሪካዊ በ1970ዎቹ ከሠራው ሲ.ፒ.ኤም. ከተባለው ሥርዓት ነው። የባዮስ ሥራ ኤሌክትሪክ እንደገባ ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑንና ዲስኩን አንድ በአንድ ፈትሾ፣ ዋናውን ፕሮግራም ከዲስክ ጠርቶ ሥራውን ማስረከብ ነው። እንግሊዝኛው ይህን «ቡት» ይለዋል። ቃሉ የጫማውን ማንጠልጠያ ይዞ ራሱን በራሱ ከመሬት ስለሚያነሣ ሰው ከሚነገረው አባባል የተወሰደ ነው። በእርግጥም ኮምፒዩተር የሚያስነሣው ሌላ የለውም።

በ8 ኪሎባይት ውስጥ ለረጅም ማብራሪያ ቦታ አልነበረምና መሣሪያው ስሕተት ሲያገኝ ቁጥር ያወጣ ነበር። በ100ዎቹ ያለ ቁጥር ማዘርቦርዱን፣ በ200ዎቹ ሜሞሪውን፣ በ300ዎቹ ኪቦርዱን፣ በ600ዎቹ ፍሎፒውን፣ በ1700ዎቹ ደግሞ ሃርድ ዲስኩን ይመለከታል። እንግዲህ 301 በመኪና ሲሊንደር ሲሆን በአይ.ቢ.ኤም. ኪቦርድ ነበር ማለት ነው።

ስክሪኑ ራሱ ካልሠራ ግን ቁጥሩን ማን ያነበዋል? ለዚህ የተዘጋጀው ድምፅ ነው። አንድ አጭር ድምፅ «ደኅና ነኝ» ማለት ነው። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ከአይ.ቢ.ኤም. ጀምሮ በብዙ ኮምፒዩተሮች የስክሪኑን ካርድ ያመለክታል። እኛም ኤሌክትሪኩን ነቅለን፣ ሣጥኑን ከፍተን ካርዱን አወጣነው፤ ነሐስማ ጥርሶቹን በላጲስ ጠርገን መልሰን አጥብቀን ሰካነው። ስክሪኑ በራ።

ባትሪው ያለቀበት ቀን

በበራው ስክሪን ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል። አንደኛው «ሲሞስ ቼክሰም ኤረር» ይላል።

በመጀመሪያዎቹ ፒ.ሲ.ዎች ተጠቃሚው ኮምፒዩተሩን በከፈተ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን በእጁ መጻፍ ነበረበት። አይ.ቢ.ኤም. በ1984 ኤ.ቲ. የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ በባትሪ የሚሠራ ሰዓትና አነስተኛ ማስታወሻ ያለበት ቺፕ አስገባ። ሁሉም በአንድ ላይ 64 ባይት ብቻ ነው። 14ቱ ለሰዓቱ ሲሆኑ በቀሩት 50 ባይቶች ምን ዓይነት ዲስክ እንዳለ፣ ሜሞሪው ስንት እንደሆነ ይመዘገባል። ገንዘብ ያዣችን በየገጹ ግርጌ ድምር እንደሚጽፉ ሁሉ፣ ኮምፒዩተሩም የመዝገቡን ድምር በዚያው ያስቀምጣል። ሲነሣ እንደገና ይደምርና ከተጻፈው ጋር ካልተስማማ «መዝገቡ ተበላሽቷል» ይላል። መልእክቱ ይኸው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያለቀ ባትሪ ነው።

ቀኑን ስናይ ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ይላል። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 22 ቀን 1972 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከሦስታችን ሁለታችን ገና አልተወለድንም። የእነዚህ ኮምፒዩተሮች ዘመን የሚቆጠረው ከዚያ ቀን በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ቀኑ ሲጠፋባቸው ወደዚያው ይመለሳሉ። ቺፑ ዓመትን የሚይዘው በሁለት አኃዝ ብቻ መሆኑም ዓለም በ2000 መባቻ ከተጨነቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ነበር።

መድኃኒቱ ሲ.አር. 2032 የሚባል፣ ሳንቲም የሚያክል የ3 ቮልት ባትሪ ነው። አንዳችን ሮጥ ብሎ ከማዕዘኑ ፋርማሲ ገዝቶ መጣ።

«ኪቦርድ የለም፤ ኪቦርዱን ተጫን»

ሁለተኛው መልእክት የታወቀው ነው፦ «ኪቦርድ ኤረር፤ ፕሬስ ኤፍ 1 ቱ ኮንቲኒው»። ኪቦርድ አላገኘሁም፤ ለመቀጠል ኪቦርዱ ላይ ኤፍ 1ን ተጫን ማለት ነው። በሩ ተቆልፏልና ቁልፉን ከውስጥ አምጣ እንደማለት ስለሆነ ብዙ ተቀልዶበታል።

ይህ ከቁጥር ወደ ዓረፍተ ነገር የተደረገ ሽግግር ታሪክ አለው። አይ.ቢ.ኤም. የባዮሱን ጽሑፍ በመጽሐፍ አሳትሞት ነበር፤ መብቱ ግን የተጠበቀ በመሆኑ ማንም ሊገለብጠው አይችልም። ኮምፓክ የተባለው ኩባንያ ዋናውን ጽሑፍ ባላዩ መሐንዲሶች ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ የራሱን ባዮስ አጽፎ በ1982 መጨረሻ ኮምፒዩተሩን ይፋ አደረገ። በ1984 ፊኒክስ የተባለው ድርጅት እንዲህ ያለውን ባዮስ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ጀመረ። አሚና አዋርድ የተባሉትም ተከተሉ። በርካሽ የሚገጣጠሙ ኮምፒዩተሮች ዓለምን ያጥለቀለቁት፣ ለእኛም አቅም የደረሱት ከዚህ በኋላ ነው። ባዮሱ በልዩ ልዩ እጅ ሲጻፍ መልእክቱም ተለያየ። ባለሙያ ለሌለው ቤት ቁጥሩ በቃላት ተተካ፤ «ለመቀጠል ኤፍ 1ን ተጫን» የሚለው ሐረግም ከልዩ ልዩ ስሕተቶች በታች ሳይመረጥ ተጨመረ። በኪቦርዱ ስሕተት ሥር ሲወድቅ ቀልድ ሆነ።

እኛም ከቀልዱ በኋላ ከሣጥኑ ጀርባ አየን። የኪቦርዱና የማውሱ መሰኪያ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ ሐምራዊው የኪቦርድ፣ አረንጓዴው የማውስ ነው። እኛው ራሳችን በጨለማ አቀያይረን ሰክተን ኖሯል! ኮምፒዩተሩን አጥፍተን አስተካከልን፤ ባትሪውን ቀየርን፤ ከዚያ ዲሊትን ተጭነን ወደ ማስተካከያው ገጽ ገባንና ቀኑን ሞልተን ሃርድ ዲስኩን ራሱ እንዲያውቀው አደረግን።

በአፉ የቀረው ዲስኬት

አሁን ይነሣል ስንል ሦስተኛው መልእክት መጣ፦ «ይህ የሲስተም ዲስክ አይደለም ወይም ዲስኩ ተበላሽቷል፤ ቀይረህ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን»። ወይዘሮዋ ፊታችንን አይተው «ጠፋ እንዴ?» አሉ። ይህን መልእክት ያየ ሁሉ ሃርድ ዲስኬ ሞተ ብሎ ይደነግጣል። አንዳንዱም ቸኩሎ ፎርማት ያደርገዋል። ያን ጊዜ በእውነት ይጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይ.ቢ.ኤም. 10 ሜጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለበትን ኤክስ.ቲ. እስካወጣበት እስከ 1983 ድረስ ፒ.ሲ. በተለምዶ የሚነሣው ከፍሎፒ ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ፍሎፒውን ማየት ልማድ ሆኖ ቀረ። ከሁሉ የሚገርመው፣ ይህን መልእክት የሚጽፈው ባዮሱ ሳይሆን በፍሎፒው የመጀመሪያ ክፍል ላይ ያለች ትንሽ ፕሮግራም መሆኗ ነው። መልእክቱን ካየን ያቺ ፕሮግራም ሠርታለች ማለት ነው። ቫይረስ ካለባትም መልእክቱ ሳይነበብ ወደ ሃርድ ዲስኩ ሊገባ ይችላል። በ1986 ከፓኪስታን ላሆር የወጣው ብሬን የተባለው የመጀመሪያው የፒ.ሲ. ቫይረስ የተደበቀው በዚህችው ክፍል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ለአንድ ኮምፒዩተር ተሰልፈን አንዱን ዲስኬት ለስንት ሰው እንዳዋስን ስናስታውስ፣ ያንን ሁሉ በሽታ ማን እንዳዛመተው ገባን።

የፍሎፒውን ማውጫ ስንጫን አንድ ዲስኬት ብቅ አለ። በላዩ ላይ በጸሐፊያችን የእጅ ጽሑፍ «የመዋጮ ዝርዝር፣ ቅጂ» የሚል ተለጥፎበታል። ኮምፒዩተሩን እንዳይነሣ የከለከለው ለጥንቃቄ ብለው ያስቀሩት ሁለተኛ ቅጂ ነበር። ወይዘሮዋ ተቀብለውን ጽሑፉን በጣታቸው ዳሰሱት። ዲስኬቱ አርጅቶ ባይነበብም ኮምፒዩተሩ ግን ተነሣ፤ ዊንዶውስ 98 ተከፈተ፤ ዝርዝሩም ተገኘ።

ፊደላችንና ባዮስ

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ሃርድ ዲስኩን አውጥተን በማገናኛ ገመድ ፋይሉን ወደ ላፕቶፕ ስንገለብጠው ስሙ ሁሉ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ሆኖ ታየ። ፋይሉ አልተበላሸም። በዚያን ዘመን የአማርኛ ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ የእኛን ቅርጽ ይስሉ ነበርና፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሥዕሉ ይጠፋል። ፊደላችን የራሱን ዓለም አቀፍ ቁጥር ያገኘው በሴፕቴምበር 1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። በፒ.ሲ. የማስነሻ ስክሪን ላይ አማርኛ የማናየውም በከፊል ለዚህ ነው፤ ያ ስክሪን በተለምዶ የሚይዘው 256 ምልክት ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከ300 በላይ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን በአሮጌ ኮምፒዩተር ፊት የሚደነግጡት ስሕተቱ ስለከበደ ሳይሆን በማያነቡት ቋንቋ ስለተነገራቸው ነው። ከአጠገባቸው ቁጭ ብሎ ማንበብ የልጆች ፈንታ ነው።

ሃርድ ዲስኩን ወደ ቦታው መልሰን ስሞቹን ከአሮጌው ስክሪን እያየን አንድ በአንድ በእጃችን ገለበጥን። 43 ስም ነው። በሦስት ስሞች አንጻር ግን የገንዘብ መጠን የለም፤ «ተከፍሏል» ብቻ ይላል። ወይዘሮዋን ስንጠይቅ ጥቂት ዝም ብለው «እነዚያ ያን ጊዜ ሥራ አልነበራቸውም። የከፈለው እሱ ነው። አትጻፉት፤ ሁሉም እኩል አዋጥተዋል በሉ» አሉን። በዚህ መጽሔት መጨረሻ ላይ የታተመው የመሥራቾች ዝርዝር የገንዘብ መጠን የሌለው በዚህ ምክንያት መሆኑን አባላት እንድትረዱልን እንለምናለን።

ባዮስ ራሱ ዘመኑን ጨርሷል። ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. የተባለው ሥርዓት ተተክቶበታል፤ ኢንቴልም በ2020 የቀድሞውን ድጋፍ እንደሚያቆም ቀድሞ በ2017 አስታውቆ ነበር። በየምድር ቤታችን የተቀመጡት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ግን ዛሬም በዚያው ቋንቋ ይናገራሉ። በውስጣቸው የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የደብዳቤ ቅጂ፣ የሟች ድምፅ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ «ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት ድምፁን ቁጠሩ፤ የተጻፈውን ቃል በቃል በወረቀት ገልብጡ፤ ፍሎፒ ካለበት አውጡ፤ ገመዱንና ባትሪውን እዩ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ወዲያው አጥፍታችሁ ለባለሙያ ስጡ። ፎርማት የሚለውን ቃል ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ።

የስሞቹን ዝርዝር በሦስት ቅጂ በወረቀት አትመናል። አንዱን ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለገንዘብ ያዡ፣ አንዱን ለወይዘሮዋ ሰጥተናል።

መልካም የ10ኛ ዓመት በዓል!