ከኤልቤ ማዶ የሄዱት ሰዎች

ሰው ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ለጥቅሙ ነው የሚል ክርክር በሰማሁ ቁጥር የሚታወሰኝ ከኤልቤ ወንዝ በስተምሥራቅ የነበረው የፕሩሲያ ገጠር ነው። ማክስ ቬበር በ1892 እ.ኤ.አ. ስለዚያ አካባቢ የእርሻ ሠራተኞች ዳጎስ ያለ ጥናት ሲያሳትም ገና 28 ዓመቱ ነበር። መጠይቁ የተላከው ለባለርስቶቹ ነው። እስቲ አስቡት፣ የሠራተኛውን ኑሮ ከጌታው አፍ መስማት!

ያም ሆኖ ጥናቱ ብዙ አሳይቷል። በትልልቆቹ ርስቶች ላይ በውል የሚኖረው ቤተሰብ ቤትና ቁራሽ መሬት፣ ከሚወቃውም እህል ድርሻ ነበረው። በኋላ ባለርስቶቹ ወደ ስኳር ቀይ ሥርና ወደ ገበያ ሲዞሩ ድርሻውን በገንዘብ ደሞዝ መተካት፣ በወቅት የሚመጣ የፖላንድ ሠራተኛም መቅጠር አዋጣቸው። እስከዚህ ድረስ የጥቅም ስሌት ይበቃል።

የሠራተኛው ጉዳይ ግን በዚህ ስሌት አይገባም። ቬበር እንዳስተዋለው፣ መሬቱ ለምና ኑሮው ሻል ያለ በሆነበት ወረዳ ጭምር ጀርመናዊው ቀን ሠራተኛ ርስቱን ጥሎ ይሄድ ነበር። የሚሸሸው ረሃብን ሳይሆን ጌታን ነው። «ነፃነትም እኮ ጥቅም ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁን፤ ግን ጥቅም የሚለው ቃል ሁሉን ከዋጠ የቱን ከየቱ ሊለይልን ነው?

በ1904 እና 1905 ባወጣው የፕሮቴስታንት ሥነ ምግባር ጥናቱ ደግሞ አንድ አጫጅ ያመጣል። በሞርገን (የመሬት መለኪያ ነው) 1 ማርክ ሲከፈለው 2.5 ሞርገን ያጭዳል። ክፍያው 1.25 ማርክ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ሰውዬው 2 ሞርገን አጭዶ ያንኑ 2.5 ማርክ ይዞ ቤቱ ይገባል! ስንፍና ነው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን የለመደው ኑሮ የሚፈልገውን አስቀድሞ ቆርጦ የጨረሰ ሰው ነው። ትርፍን ያለ ማቆም ማሳደድ አብሮን የተወለደ ሳይሆን በታሪክ የመጣ ነገር መሆኑን ቬበር የሚያስረዳው በእሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። በ1895 በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባደረገው ንግግር ይኸው ቬበር የምሥራቁ ድንበር ለፖላንዳውያን ሠራተኞች እንዲዘጋ ጠየቀ። ጀርመናዊው የሚሄደው ነፃነት ናፍቆት ነው፤ ፖላንዳዊው የሚመጣው ግን በትንሽ የሚጠግብ ሆድ ስላለው ነው። ያም ሰው አገሩን ጥሎ ሲመጣ ምን እንደሚሸሽ፣ ምን እንደሚመኝ በዚያ ንግግር ውስጥ አልተጠየቀም።