ቀለም ብቻውን አይበቃም፦ ነብር መሰል የእሳት እራቶችን በተለያዩ ክልሎች መሰብሰብና መለየት

አኅጽሮተ ጥናት

ነብር መሰል የእሳት እራቶች በደማቅ ቀለማቸው ሰብሳቢን ቀድመው የሚስቡ፣ ዝርያቸውን ሊለይ የሚነሣውን ግን በዚያው ቀለም የሚያሳስቱ ነፍሳት ናቸው። ይህ መጣጥፍ በአውሮፓ፣ በካውካሰስ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያና በምሥራቅ አፍሪካ የተካሄዱ ጥናቶችን ያነጻጽራል። የዝርያ ልየታ በአንድ ውብ ናሙና ላይ ሳይሆን፣ ከአንድ ቦታ በብዛት በተሰበሰቡ ናሙናዎችና በተሟላ መረጃቸው ላይ መመሥረት እንዳለበትም ይሞግታል። በመጨረሻ ይህ አቋም ለኢትዮጵያ የነፍሳት ስብስብ ያለውን ትርጉም ያመለክታል።

1. መግቢያ

አርክቲያ ካያ የሚባለው የአውሮፓ፣ የሰሜን እስያና የሰሜን አሜሪካ የእሳት እራት ዐርፎ ሲታይ ቡናማና ነጭ ዝንጉርጉር ነው። ሲነኩት ግን የፊት ክንፎቹን ድንገት ገልጦ ብርቱካናማ ቀይ የኋላ ክንፎቹንና በላያቸው ያሉትን ጥቁር ሰማያዊ ነጠብጣቦች ያሳያል። ይህ ለወፍ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሰውነቱ መርዛማ ስለሆነ ለመብል አይሆንም።

ካርል ሊኒየስ ይህን ዝርያ በ1758 ከሰየመው ወዲህ (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰብሳቢዎች ከመደበኛው መልክ የወጣውን ሁሉ ሲያሳድዱ ኖረዋል። ነጠብጣቦቹ ተዋሕደው አንድ የሆኑበት፣ ቀዩ ወደ ቢጫ ያደላበት፣ ቡናማው ነጩን የዋጠበት እየተባለ ለእያንዳንዱ የየራሱ ስም ወጥቶለታል። ዛሬ ግን እነዚህ መልኮች የአንድ ዝርያ ልዩነቶች እንደሆኑ ይታወቃል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ቀለም እንዲህ የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ናሙናዎችን በምን እንለያቸዋለን?

2. የቡድኑ ማንነት

ነብር መሰሎቹ በዓለም ዙሪያ 11,000 ገደማ የተሰየሙ ዝርያዎች አሏቸው። ለረጅም ጊዜ አርክቲዴ በሚል ስም ራሱን እንደቻለ አስተኔ ሲቆጠሩ ቆይተዋል። ሬዛ ዛሂሪና ባልደረቦቹ በ2011 እና በ2012 ያሳተሟቸው የሞለኪውል ጥናቶች ግን ኤሬቢዴ በሚባለው ሰፊ አስተኔ ውስጥ እንደሚወድቁ ስላሳዩ፣ አሁን አርክቲኔ ተብለው በንዑስ አስተኔነት ይመደባሉ። ለውጡ መስክ ላይ ብዙም አያስቸግርም። ሙዚየም ውስጥ ግን የቆዩ መሳቢያዎችና መጻሕፍት በድሮው ምደባ የተደራጁ ናቸው። ከ1898 እስከ 1901 የታተሙትን የጆርጅ ሃምፕሰንን የብሪቲሽ ሙዚየም ካታሎግ የመጀመሪያ ሦስት ቅጾች የሚያገላብጥ ሰው ሁለቱንም ሥርዓቶች ማወቅ አለበት።

የቡድኑ አባላት ሁሉ ደማቅ ናቸው ማለትም አይደለም። ሊቶሲኒ የሚባሉት በአመዛኙ ትንንሽ፣ ጠባብ ክንፍ ያላቸው፣ ግራጫ ወይም ፈዛዛ ቢጫ ሲሆኑ፣ እጮቻቸው ከድንጋይና ከዛፍ ቅርፊት ላይ የድንጋይ ሽበት (ላይከን)ና አልጌ ይመገባሉ። ሲንቶሚኒዎቹ ደግሞ በቀን የሚበሩና ተርብ የሚመስሉ ናቸው። ቡድኑን ከሚያስተሳስሩት ምልክቶች አንዱ በብዙዎቹ ደረት ጎን ላይ የሚገኘውና እየተጣጠፈ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋን ነው። ቤርቶልዲያ ትሪጎና የተባለው የአሜሪካ ዝርያ በዚሁ ድምፅ የሌሊት ወፍን የድምፅ ማፈላለጊያ እንደሚያውክ አሮን ኮርኮራን፣ ጄሲ ባርበርና ዊልያም ኮነር በ2009 አሳይተዋል። እጮቹ በአብዛኛው ጸጉራም ስለሆኑ ሕዝቡ አባ ጨጓሬ ከሚላቸው ጋር ይመሳሰላሉ፤ ጸጉሩ የሚበቅለውም ከትንንሽ እብጠቶች ላይ በክምር ነው።

3. የአሰባሰብ ስልቶችና አድሏቸው

ዋናው መሰብሰቢያ ብርሃን ነው። ጨረቃ በሌለችበት ሞቅ ያለና ነፋስ የሌለው ሌሊት ነጭ አቡጀዲ ይወጠርና የሜርኩሪ ወይም የአልትራቫዮሌት መብራት ይበራበታል። ቀድሞ ከባድ ጄኔሬተር መሸከም ግድ ነበር፤ አሁን በትንሽ ባትሪ የሚሠሩ የኤል.ኢ.ዲ. መብራቶች ሩቅና ገደላማ ቦታ መድረስን አቅልለዋል።

ይሁንና ብርሃን ያዳላል። የብዙ ዝርያዎች ሴቶች እንቁላል ተሸክመው ስለሚከብዱ ወደ መብራት የሚመጡት ከወንዶቹ ባነሰ ቁጥር ነው። አርክቲያ ካያ በብዛት የሚመጣው ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ ስለሆነ፣ ዕቃውን በጊዜ የሚሰበስብ ሰው ዝርያው በአካባቢው የለም ብሎ ሊመለስ ይችላል። በሜድትራንያን ዙሪያ የሚገኙት የኦክኖጂና ወገን ሴቶች ደግሞ ክንፋቸው አጭር ስለሆነ አይበሩም። ስለዚህ በብርሃን ብቻ የተሞላ ሣጥን የአካባቢውን ሕይወት ሳይሆን የመብራቱን ምርጫ ያሳያል።

አድልዎውን የሚያቃልሉ ሦስት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በቀን በመረብ መያዝ ነው። ሁለተኛው ማሳደግ ሲሆን፣ ይህ በተለይ ለልየታ ትልቅ ጥቅም አለው። ከአንዲት ሴት እንቁላል የፈለቁ ወንድማማችና እኅትማማች እራቶች ጎን ለጎን ሲደረደሩ፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ቀለም ምን ያህል እንደሚለያይ በዓይን ይታያል። እጩም ቢሆን ዕድሜው ካልታወቀ ያሳስታል። ፒራርክቲያ ኢዛቤላ የተባለው የሰሜን አሜሪካ ዝርያ አባ ጨጓሬ ሁለት ጫፎቹ ጥቁር፣ መሐሉ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። በአገሩ ሰዎች ልማድ የመሐሉ ስፋት የመጪውን ክረምት (የብርድ ወቅት) ጽናት ይናገራል ይባላል። ነገር ግን እጩ ቆዳውን በለወጠ ቁጥር ቡናማው እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ስፋቱ የሚናገረው ስለ መጪው ወቅት ሳይሆን ስለ እጩ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ያሳደገ ሰው የመጨረሻውን ቆዳና የሙሽሬውን ቅርፊት ከወጣው እራት ጋር አብሮ ማስቀመጥ ይገባዋል።

ሦስተኛው መንገድ የቡድኑን ልዩ ባሕርይ የሚጠቀም ነው። ብዙ ነብር መሰሎች ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የተባሉ መራራ መርዞችን ከዕፅዋት ይወስዳሉ። ቶማስ አይስነር በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባደረጋቸው ጥናቶች፣ ኡቴቴይሳ ኦርናትሪክስ የተባለው ነብር መሰል የሸረሪት ድር ላይ ሲወድቅ ሸረሪቷ ራሷ ክሮቹን ቆርጣ እንደምትለቀው አሳይቷል። ወንዱ ይህንኑ መርዝ በሩካቤ ጊዜ ለሴቷ ያስተላልፋል፤ እንቁላሎቿም በዚሁ ይጠበቃሉ። ጀርመናዊው ሚካኤል ቦፕሬ ደግሞ በ1981 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በምሥራቅ አፍሪካ የጠወለገ የሄሊዮትሮፒየም ተክል የተለያዩ የቢራቢሮና የእሳት እራት ዝርያዎችን እንደሚስብ ገልጿል። የደረቀ ሄሊዮትሮፒየም አንጠልጥሎ መጠበቅ ወደ መብራት የማይመጡትን ለማግኘት ይረዳል።

በየትኛውም መንገድ ቢያዝ፣ ናሙናው ከመረጃው መነጠል የለበትም። በኢታይል አሲቴት ከተገደለ በኋላ በስስ ወረቀት ፖስታ ወይም በስፒል ላይ ይቀመጣል። ከእሱ ጋር የቦታው ስም፣ የጂ.ፒ.ኤስ. ልኬቱ፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የተያዘበት መንገድና የሰብሳቢው ስም ይጻፋል። የተያዘበት መንገድ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ያለ እሱ ግን አድልዎውን ማረም አይቻልም።

4. ቀለም የሚያሳስትባቸው ሦስት ጉዳዮች

የመጀመሪያው በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ የክልል ልዩነት ነው። አርክቲያ ፕላንታጊኒስ በፊንላንድ ሲሰበሰብ የወንዶቹ የኋላ ክንፍ ከፊሉ ነጭ፣ ከፊሉ ቢጫ ነው። በካውካሰስ፣ በጆርጂያ ተራሮች፣ ደግሞ ቀይ ወንዶች ይገኛሉ። ሦስቱን ለየብቻ ያየ ሰው ሦስት ዝርያ ሊላቸው ይችላል። በፊንላንድ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት ቢጫዎቹ ከወፍ ይበልጥ ይጠበቃሉ፤ ነጮቹ ደግሞ በሩካቤ ይበልጥ ይሳካላቸዋል። ሁለቱ መልኮች አብረው የሚኖሩት አንዱ በሌላው ላይ ሙሉ ብልጫ ስለሌለው ነው። ይህ ዝርያ ቀድሞ ፓራሴሚያ በሚባል የራሱ ወገን ይጠራ ነበር፤ የ2016 የሞለኪውል ጥናት ወደ አርክቲያ ወስዶታል።

ሁለተኛው በአንድ ቦታ በጊዜ ሂደት የሚታይ ለውጥ ነው። በኦክስፎርድ አቅራቢያ፣ በኮትሂል ረግረግ፣ ካሊሞርፋ ዶሚኑላ ሦስት መልክ አለው፤ መደበኛው፣ ሜዲዮኒግራ የተባለው መካከለኛና ቢማኩላ የተባለው ጥቁረት የሚበዛበት። ሮናልድ ፊሸርና ኢ. ቢ. ፎርድ እራቶቹን በቀለም ነጥብ እያመለከቱ በመልቀቅና መልሶ በመያዝ ሕዝባቸውን ቆጠሩ፤ ውጤቱንም በ1947 አሳተሙ። ለንጽጽር የተጠቀሙት ከ1929 በፊት የተሰበሰቡ ናሙናዎችን ነበር። ያልተለመደው መልክ ዘረ መል ድርሻ በእነዚያ ናሙናዎች 1 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ1939 ወደ 9 በመቶ ደርሶ ተገኘ። ለውጡን ያመጣው ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው ወይስ ዕድል በሚለው ላይ ከአሜሪካዊው ሴዋል ራይት ጋር ያደረጉት ክርክር በዝግመተ ለውጥ ጥናት ታዋቂ ሆኖ ቆይቷል። ክርክሩ እንዲኖር ያስቻሉት ግን ቀንና ቦታ የተጻፈባቸው የቆዩ ናሙናዎች ናቸው። ሰብሳቢ ያልተለመደውን መልክ አብዝቶ እንደሚያነሣ ስለሚታወቅ፣ የቆየው መጠን ከእውነተኛው ከፍ ሊል እንደሚችልም ማሰብ ይገባል።

ሦስተኛው የተገላቢጦሽ ነው፤ የተለያዩ ዝርያዎች አንድ መልክ ይይዛሉ። ኡቴቴይሳ ፑልኬላ ነጭ ክንፉ ላይ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት ሲሆን፣ በአፍሪካ፣ በደቡብ አውሮፓና በእስያ ሰፊ ክፍል ይገኛል። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ኡቴቴይሳ ሎትሪክስና ኡቴቴይሳ ፑልኬሎይዴስ ይገኛሉ፤ ሁለቱም እሱኑ ይመስላሉ። በነጠብጣቡ አቀማመጥ ብቻ መለየት አያስተማምንም፤ አስተማማኝ ልየታ የወንዱን የመራቢያ አካል ማየት ይጠይቃል። ዝርያዎቹ ረጅም ርቀት የሚበሩ ስለሆነ «እዚህ የሚገኘው ያኛው ብቻ ነው» ብሎ በካርታ መወሰንም አደጋ አለው።

5. ከቀለም በስተጀርባ ያሉ ማስረጃዎች

ለውስጥ ምርመራ የሆዱ ጫፍ ተቆርጦ 10 በመቶ በሆነ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ሙሙት ውስጥ ይሞቃል። ለስላሳው ሥጋ ሲሟሟ ጠንካራው የመራቢያ አካል ይቀራል፤ ይህም ታጥቦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። አሜሪላ የተባለው ወገን የዚህን አስፈላጊነት ያሳያል። እራቱ ሲያዝ ከደረቱ ቢጫማ አረፋ እያፏጨ ይወጣል፤ ስለዚህ ወገኑን መስክ ላይ ማወቅ ቀላል ነው። ዝርያውን መወሰን ግን ከባድ ነው። ክሪስቶፍ ሆይዘርና ሚካኤል ቦፕሬ የአፍሪካን አሜሪላዎች በ1997 ሲከልሱ በመራቢያ አካላት ላይ በሰፊው ተመሥርተዋል።

ከ2003 ወዲህ፣ ፖል ሄበርት ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ከአንድ እግር የሚወሰድ 658 ቤዝ ጥንድ የሚረዝም የዘረ መል ቁራጭ እንደ መለያ ኮድ ያገለግላል። ስልቱ ወንድንና ሴትን፣ እጭንና ጉልምስን ለማገናኘት ወደር የለውም። ሆኖም ይህ ቁራጭ ከእናት ብቻ የሚወረስ ስለሆነ፣ በቅርቡ የተለያዩ ወይም የተዳቀሉ ዝርያዎች ተመሳሳይ ኮድ ሊኖራቸው ይችላል። ኮዱ የተወሰደበት ናሙና ሙዚየም ውስጥ ከሌለ ደግሞ ስሕተቱን ማረም አይቻልም።

6. የኢትዮጵያ ጉዳይ

ከኢትዮጵያ ተሰብስበው የተሰየሙ የቆዩ የነፍሳት ናሙናዎች በአብዛኛው የሚገኙት በለንደንና በፓሪስ በመሳሰሉ ሙዚየሞች ነው። ፒየር ክሎድ ሩዦ ከ1973 እስከ 1975 ያካሄዳቸው የፈረንሳይ የነፍሳት ጥናት ጉዞዎችም ውጤታቸው የታተመው በፓሪስ ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን መለያ ወረቀቶች ብዙ ጊዜ ከአገር ስም አያልፉም። ከዳሎል ቆላ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ወደሆነው የሳነቲ አምባ በሚወጣ አገር የአገር ስም ብቻ ስለ ናሙናው መኖሪያ የሚነግረን ነገር የለም።

አገራችን ለዚህ ጥናት አመቺ ነች። ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ ያላቸው የክሮታላሪያ ዝርያዎች በብዙ ቦታ ይበቅላሉ። በደጋው በየአጥሩ የሚታየው የሽኮኮ ጎመንም ይህ መርዝ እንዳለው በምርመራ ታውቋል። እነዚህን ተክሎች በየወቅቱ መፈተሽና የተገኙትን እጮች ማሳደግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሥራው ሕግን ማክበርም አለበት፤ የጄኔቲክ ሀብት አርክቦት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ዓ.ም. የሚመራ ሲሆን፣ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

7. ማጠቃለያ

በብሪታንያ የሮትሃምስቴድ የምርምር ተቋም የብርሃን ወጥመዶች ከ1968 እስከ 1998 በአንድ ዓይነት መንገድ የሰበሰቡት መረጃ፣ አርክቲያ ካያ ከ1984 በኋላ በእጅጉ እንደቀነሰ አሳይቷል፤ መቀነሱም ከሞቃትና እርጥብ ክረምቶች (የብርድ ወቅቶች) ጋር ተያይዟል። የኮትሂል ናሙናዎችም ሆኑ እነዚህ ወጥመዶች ለሳይንስ የጠቀሙት ብርቅዬ መልክ ስላስገኙ ሳይሆን ከተወሰነ ቦታ፣ በብዛት፣ ከሙሉ መረጃ ጋር ስለተሰበሰቡ ነው። ስለዚህ የባዮሎጂ መምህራን፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና የግብርና ተመራማሪዎች በየአካባቢያቸው እንዲህ ያለ ስብስብ እንዲጀምሩ፣ ወንድና ሴቱን እንዲያሟሉና ቢያንስ ከፊሉን ናሙና በአራት ኪሎ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንዲያስቀምጡ ይህ ጸሐፊ ያሳስባል።