የዓለም አቀፍ የመርከብ ልቀት አቆጣጠር

የዓለም አቀፍ የመርከብ ልቀት የሚባለው መርከቦች ከአንድ አገር ወደብ ተነሥተው ሌላ አገር ወደብ እስኪደርሱ በሚያቃጥሉት ነዳጅ ምክንያት ወደ ከባቢ አየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድና መሰል በካይ ጋዝ ነው። ጉዞውን ዓለም አቀፍ የሚያሰኘው መነሻውና መድረሻው እንጂ መርከቡ የሚያውለበልበው ሰንደቅ ዓላማ አይደለም። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ባወጣው አራተኛ ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የአገር ውስጥ ጉዞና ዓሣ ማስገርን ጨምሮ ከመርከቦች የወጣው ጋዝ 1,076 ሚሊዮን ቶን ደርሶ ነበር፤ ይህም የሰው ልጅ በዚያ ዓመት ከለቀቀው 2.89 በመቶ ነው።

አገሮች ሒሳቡን የሚሠሩት በወደቦቻቸው ከተሸጠው ነዳጅ ተነሥተው ነው። መርከብ ነዳጅ በሞላ ቁጥር ሻጩ የማስረከቢያ ሰነድ ይሰጠዋል። በሰነዱ ላይ የመርከቡ ስም፣ ወደቡ፣ ቀኑ፣ የነዳጁ ዓይነትና መጠን፣ የድኝ ይዘቱም ሳይቀር ይሰፍራል፤ ሰነዱም ለሦስት ዓመት ከመርከቡ አይለይም። ድርጅቱ በሚጠቀምበት ስሌት አንድ ቶን ከባድ የመርከብ ነዳጅ ሲቃጠል 3.114 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስለዚህ 1,000 ቶን የቀዳ መርከብ 3,114 ቶን ለቀቀ ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ባለቤቱን ማግኘት ግን አልተቻለም። መርከቡ በፓናማ የተመዘገበ፣ ባለንብረቱ ግሪካዊ፣ ዕቃው የቻይና፣ ተቀባዩ ጀርመን፣ ነዳጁ ከሲንጋፖር የተቀዳ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1996 ልቀቱን ለአገሮች ለማከፋፈል ስምንት አማራጮች ቀርበው ነበር፤ ስምምነት ግን አልተገኘም። በዚህም የተነሣ አኀዙ በየአገሩ ሪፖርት ይጻፋል፤ ከብሔራዊው ድምር ጋር ግን አይደመርም። የ1997ቱ የኪዮቶ ፕሮቶኮል ቅነሳውን ለዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት መራው፤ በፓሪስ ስምምነት የሪፖርት ደንብም አሠራሩ ያው ነው።

ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ2023 ለመርከቦች ከ50 ሚሊዮን ቶን በላይ ነዳጅ ሸጣለች። ከዚህ የሚወጣው ጋዝ በድምሯ ቢገባ ኖሮ ብሔራዊ ልቀቷን ከእጥፍ በላይ ያንረው ነበር። አላፊ አግዳሚው መርከብ ለሚያቃጥለው ሁሉ ሻጩን ብቻ መጠየቅ ፍትሐዊ አይሆንም፤ ማንንም አለመጠየቅ ግን የባሰ ጥፋት ነው። የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልቡ መርከቦችም ወደብ በሌላት አገራችን ነዳጅ ሊቀዱ ስለማይችሉ፣ የሚያቃጥሉት በሻጩ አገር መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

የቆጠራ ስልቱ ራሱ ውጤቱን ይለውጠዋል። ያው አራተኛ ጥናት የ2018ን ዓለም አቀፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያንዳንዱን ጉዞ ተከትሎ ሲቆጥር 740 ሚሊዮን ቶን፣ በመርከቡ ዓይነት ሲመድብ 919 ሚሊዮን ቶን አግኝቷል።

አሁን ክትትሉ ከአገር ወደ መርከብ እየዞረ ነው። ከ2019 ጀምሮ 5,000 ግሮስ ቶንና ከዚያ በላይ የሆኑ መርከቦች የዓመት ፍጆታቸውን ለሰንደቅ ዓላማቸው አገር ያሳውቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2024 ልቀት ወዲህ ክፍያ ያስከፍላል፦ በአባል አገሮች ወደቦች መካከል ለሚደረግ ጉዞ ሙሉውን፣ ከውጭ ለሚገባ ወይም ወደ ውጭ ለሚወጣ ግማሹን ይቆጥራል። በዓለም ደረጃ መርከቦችን በቀጥታ የሚያስከፍለው ረቂቅ ደንብ ግን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ለንደን ላይ በድምፅ ብልጫ ለአንድ ዓመት እንዲዘገይ ተደርጓል።